የጎረቤት ውለታ በድግስ ሳይሆን በትንንሽ ሥራ ሲመለስ፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ?

ተከራይዋ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጥያቄዬ ስለ ውለታ ነው። ብሎካችን ውስጥ በለቅሶ ጊዜ ድንኳን ሲተክል ያመሸ፣ እንጀራ ጋግሮ ያመጣ፣ ለታመመ ሰው በሌሊት መኪና ፈልጎ ያደረሰ ጎረቤት አለ። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ደግሶ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ወጪው ይከብዳል፣ የተጠራውም ሰው ባዶ እጁን መምጣት ስለማይሆንለት ሌላ ዕዳ ይገባል። የምፈልገው በየሳምንቱ ሊደረግ የሚችል፣ ወጪው ትንሽ የሆነ፣ ተቀባዩን ይሉኝታ ውስጥ የማይከት ነገር ነው።

ሁኔታው ይህ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ከምድር ቤት በላይ አራት ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ሃያ አባወራ አለ፤ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም። አንድ ቤት ሠልስት ነገ ነው። ሁለት አረጋውያን በየቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጅ ደግሞ በዚህ ወር ትወልዳለች። አሥራ ስድስቱ የቀረነው ቤቶች ተስማምተናል፤ ፈቃደኝነት አልጎደለም። የጎደለን አሠራሩ ነው። ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ የቱ ጋ እንደሚበላሽ የምታውቁ ንገሩን።

የእድር ጸሐፊ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቸኳዩ የለቅሶ ቤቱ ነውና ከእሱ ልጀምር።

ሰው የሚበዛው ከቀብር እስከ ሠልስት ነው። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፣ አግዳሚው ይጫናል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ሐዘኑ የሚጠናው ያኔ ነው። ውለታ ልመልስ ያለ ሰው ጉልበቱን ለአራተኛው ቀን ያቆይ። ከአራተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ዘጠኝ ቀን፣ በየቀኑ አንድ ቤት ብቻ ምሳ ይውሰድ። ከዚያ እስከ አርባ አራት ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሁለት ተራ ይበቃል፣ ስምንት ይሆናል። ሲደመር 17 ተራ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ካላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ተራ፣ ለአንዱ ብቻ ሁለት ይደርሰዋል። በአርባ ቀን ውስጥ አንድ ምሳ ማንንም አያከብድም።

የሚበላሸው ተራ ሳይወጣ ሲቀር ነው። በአንድ ቀን አምስት ቤት ሽሮ ይዞ ይመጣል፣ እንጀራው ተደራርቦ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ማንም አይመጣም። ልኩን በቤተሰቡ ቁጥር ያዙት። ለአንድ አዋቂ ለአንድ ጊዜ ሁለት እንጀራ ቁጠሩ። ለአምስት ሰው አሥር እንጀራና ከግማሽ ኪሎ ምስር ክክ የተሠራ ወጥ በቂ ነው፣ ትንሽም ይተርፋል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ እያደረ ከሆነ ከዋዜማው ማታ ደውሎ ቁጥሩን መጠየቅ ነው። ምሳው ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረስ፤ ከዚያ ካለፈ የቤቱ ሰው ተነስቶ ሽንኩርት መክተፍ ይጀምራል፣ ድካማችሁም ከንቱ ይሆናል።

ተራውን በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ እንዳታወጡት። ሐዘንተኛው እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለ፤ ስሙ በየቀኑ ሲነሳ ያያል። ለብቻ ክፈቱ፣ የሚጻፈውም ቀንና የቤት ቁጥር ብቻ ይሁን። ማን ምን አመጣ የሚል ነገር አይጻፍ። አርባው ሲወጣ ግሩፑ ይዘጋ።

አነጋገሩም ወሳኝ ነው። "የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ" ስንል ከልባችን ነው፤ ግን ይሉኝታ ያለበት ሰው አንድም ቀን አይነግረንም። ጥያቄው መልሱ ቀላል እንዲሆን አድርጎ መቅረብ አለበት። "ነገ 4 ሰዓት ላይ ገበያ እወርዳለሁ፤ ዘይትና ሽንኩርት አላችሁ ወይስ አብሬ ልያዝ?" "አለ" ማለትም "ያዥልን" ማለትም አያሳፍርም። ለታላላቆች ሲሆን "እማማ፣ ዛሬ እቃ ገዝቼ ስለምወጣ የእርስዎንም ላምጣው" ብሎ ወስኖ መናገር ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ሥራ የወረቀት ጉዳይ ነው። ሞት በወሳኝ ኩነት የሚመዘገብበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን አያስታውስም፤ ኋላ ግን ለጡረታው፣ ለባንኩ፣ ለቤቱ ስም ዝውውር የሞት ማስረጃው ሲጠየቅ ይቸገራል። ከእናንተ አንድ ሰው ወረዳ ሄዶ ምን ሰነድ፣ ስንት ኮፒ፣ ማን መቅረብ እንዳለበት ጠይቆ በአንድ ወረቀት ጽፎ ቢሰጣቸው፣ የሚሄዱም ቀን አብሮ ቢሰለፍ፣ ከስንት ምሳ ይበልጣል።

ለእድሩ ራሱ ምስጋና ማድረስ ከፈለጋችሁ እቃውን ከወሰዳችሁት ባማረ ሁኔታ መልሱት። ድንኳኑ ዝናብ ወይም ጤዛ ነክቶት ሳይደርቅ ከታጠፈ በሳምንቱ ይሻግታል፣ ሽታው አይለቅም፣ ሸራውም በማጠፊያው ላይ መቀደድ ይጀምራል። ሁለቱም ገጽ ግማሽ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይምታው። ገመዱን ፍቱና ለየብቻ ጠቅልሉት፤ ካስማውን ጭቃውን አራግፋችሁ ቆጥራችሁ በአንድ ማዳበሪያ ክተቱ። ትንሽ ቀዳዳ ካገኛችሁ ሳይሰፋ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ስፉት። ሳህንና ብርጭቆ የእቃ ቤት ኃላፊው ፊት ተቆጥሮ ይመለስ፤ የተሰበረ ካለ ዝም ብሎ ከማስረከብ ተክቶ ማምጣት። ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ የምታደርጉት ነው፣ ማን እንደሆነም ገና አታውቁትም።

ለፋፊውንም አትርሱት። በሌሊት ጥሩምባ ይዞ በየሰፈሩ የሚዞረው እሱ ነው፤ ድንኳኑ ሥር ግን መጨረሻ የሚቀመጥ፣ መጨረሻ የሚበላ እሱ ነው።

ጓዳ

ጸሐፊው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የጓዳውን ልጨምር።

በተቀላቀለ ብሎክ ውስጥ ማንንም የማያስቀረው ንፍሮ፣ ቆሎና ዳቦ ነው። ጾምም ቢሆን ፍስክም፣ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊም ይበላዋል። ወጥ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ (ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር) እንዲሁም በአጽዋማት ቅቤ የነካው ጭልፋ ወጡ ውስጥ እንዳይገባ። ዘይት ብቻ ተጠቅማችሁ ጭልፋው ከትናንት ዶሮ የወጣ ከሆነ ሠርታችሁ እንዳልሠራችሁ ነው። ሙስሊም ቤት ከሆነ ሥጋ ይቅር፤ ሽሮም ምስርም ቢሆን ሥጋ ባልተሠራበት ድስት ይሠራ፣ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሳይጠይቁ ሲነገራቸው ልባቸው ያርፋል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ተምር ወይም በምስር የተሞላ ሳምቡሳ ከአፍጥር ግማሽ ሰዓት በፊት አድርሳችሁ ተመለሱ። አዛን ሲል በር ላይ ቆሞ ወሬ አይጀመርም።

ንፍሮ፦ ሁለት እጅ ስንዴ፣ አንድ እጅ ሽንብራ። ለየብቻ ለቅማችሁ ማታ ዘፍዝፉ። ጠዋት ሽንብራውን ቀድማችሁ ጣዱት፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲንተከተክ ስንዴውን ጨምሩ፤ አብረው ከተጣዱ ስንዴው ፈንድቶ ሽንብራው ጥርስ ይሰብራል። ጨው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ይበዛባችኋል። ሲበስል አጥልሉትና ሰፌድ ላይ አሰጡት። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አስሮ መውሰድ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ያልበዋል፣ እስከ ማታ ይኮመጥጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲበስል ከሁለት ኪሎ በላይ ስለሚሆን ለሃያ ሰው የቡና ቁርስ ይበቃል። ደም ግፊት ያለበት አረጋዊ ካለ ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱን ለይታችሁ ቅዱ።

አራሷ፦ ገንፎ ሠርቶ መውሰድን አልደግፍም። ገንፎ ሩብ ሰዓት ካለፈው ይደርቃል፣ ቅቤውም ይረጋል። እሷ ቤት ገብቶ መሥራት ነው፤ ይዞ የሚሄደው የታመሰ የገብስ ዱቄት አንድ ኪሎና የተነጠረ ቅቤ ነው። ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት አራት ብርጭቆ ውሃ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ አፍሉ። ሲፈላ አንዱን ብርጭቆ ቀንሳችሁ በጎን አስቀምጡ። ዱቄቱን በቀረው ውሃ ላይ ጨምራችሁ በማማሰያ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሻችሁ ጓሉን ስበሩ፤ የተቀነሰውን ውሃ ጥቂት በጥቂት መልሱ። እሳቱ መለስ ብሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታሽ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ላዩ የተያያዘ ይመስላል፣ መሐሉ ግን ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ሆዷንም ይነፋታል። ከዚያ ድስቱን እጠቡት። የተጋገረበትን ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ካቆያችሁት በቀላሉ ይላቀቃል። ገንፎ በልታ ድስት የምታጥብ አራስ መኖር የለባትም።

በመንገድ የሚወሰደው አጥሚት ነው። ለአንድ ሊትር አምስት የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያለ የአጃ ዱቄት። መጀመሪያ በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ቀሪውን ውሃ አፍልታችሁ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ የበተነ ሰው የሚያገኘው ጓል ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይቋረጥ ይማሰል፣ አለዚያ ከሥሩ ያርራል። ፔርሙዙ ቡና የለመደ ከሆነ አጥሚቱ ቡና ቡና ስለሚል የተለየ ያዙ፤ ከመሞላቱ በፊትም የፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ይቀመጥበት፣ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

ስለ ሳህን አንድ ነገር። እኛ ሰው ያመጣበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ያሳፍረናል። ስለዚህ ሳህናችሁን ጥላችሁ ከሄዳችሁ ሐዘንተኛዋ ወይም አራሷ ምን ሞልቼ ልመልስ እያለች ትጨነቃለች። እዚያው የራሳቸው ዕቃ ላይ ገልብጣችሁ ባዶውን ይዛችሁ ውጡ። በዚህች ብቻ ስንት ይሉኝታ ይቀራል!

ጤና ጣቢያ

ጓዳ በሰጠችው ላይ የጤናውን ብቻ ልጨምር፤ ጥየቃው ጉዳት እንዳያመጣ ስለምፈልግ ነው።

አጥሚቱ ላይ ማር የሚጨምሩ አሉ። ለአራሷ ምንም አይላትም። ሕፃኑ ግን ዓመት እስኪሞላው ድረስ በጣት ጫፍም ቢሆን ማር አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የቦቱሊዝም ጀርም የሕፃን አንጀት ገና አይቋቋመውም። ቅቤ ማላስም እንዲሁ ይቅር። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ጠያቂ እናቶች በፍቅር ስለሚያደርጉት አራሷ መከልከል ያሳፍራታል፤ ስለዚህ ቀድሞ መናገር የተረኛው ሰው ድርሻ ይሁን እንጂ በእሷ ላይ አይጣል።

ጥየቃው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሲገቡ እጅ በሳሙና፤ ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት በስልክ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይበል፣ ምግቡንም ሌላ ሰው ያድርስለት። ሕፃን ፊቱ ላይ አይሳምም። ሦስት ሰው አንድ ላይ ከሄደ አንዱ ከአራሷ ጋር ይቀመጥ፣ ሁለቱ የታጠበ ልብስ ያስጡ፣ ውሃ ይቅዱ። ደግሞም ዓይናችሁን ክፈቱ። ደም በብዛት ከፈሰሳት፣ ካተኮሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለባት "ብርድ ነው" ተብሎ አይታለፍ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቁጥሩን በር ላይ ለጥፉት።

ለአረጋውያኑ ደግሞ፦ የራሳችሁን የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን "ይህ ይሻልዎታል" ብላችሁ አትስጡ። ልትረዱ የምትችሉት መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን አብሮ መቁጠር ነው። ኪኒኑ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው ማዘዣውን ይዞ መሄድ፤ በመጨረሻው ቀን የሄደ ሰው ፋርማሲው ውስጥ ቢያጣው ሦስት አራት ቀን ያለ መድኃኒት ይቆያሉ፣ ግፊት የሚያሻቅበውም ያኔ ነው።

ተከራይዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እጃችሁ ይባረክ። ተራውን ዛሬ ማታ እናወጣለን። የውሃው ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ሁለቱም አረጋውያን ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ ውሃው የሚመጣው በሌሊት ነው፣ በሦስት ቀን አንዴ፣ ለእነሱ ፎቅ ደግሞ ግፊቱ አይደርስም። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ጀሪካን እናወጣለን ብለዋል። ይበቃል?

ሦስተኛ ፎቅ

አይበቃም፤ አወጣጡም መስተካከል አለበት።

ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ በቀን 20 ሊትር ያዙ። በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ 60 ሊትር ነው፤ ፈረቃው የዘለለ ቀን እንዳይቸገሩ 80 አድርጉት። ለሁለቱ 160 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ቢሆን ስምንት ጀሪካን ነበር፤ ግን ባለ 20 አትጠቀሙ። አንድ ባለ 20 ሊትር ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ወጣቱ ያወጣዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ግን አዘንብለው መቅዳት አይችሉም፤ ወይ ያፈሱታል ወይ ወገባቸውን ይጎዳሉ። ባለ 10 ሊትር ያዙ፣ ለእያንዳንዳቸው ስምንት። ሁለቱን ጀሪካን ቧንቧ ባለው ባልዲ ገልብጣችሁ ጉልበት በሚያህል ዱካ ላይ አስቀምጡላቸው፣ ሳያጎነብሱ ይቀዱታል።

ሌሊት በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ባዶውን ማታ 2 ሰዓት ላይ ከበራቸው ውጭ ያውጡ፤ ውሃው ሲመጣ ተረኛው ምድር ቤት ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ በቦታው ይመልሳል፣ ጠዋት ሌላ ሰው ወደ ውስጥ ያስገባላቸዋል። በጀሪካኖቹ ላይ የቤት ቁጥር በቀለም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላቀላል፣ ጭቅጭቅም ይመጣል።

እስከ አፉ አትሙሉት። ደረጃ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠዋት ቀድሞ የሚያንሸራትተው እነዚያኑ አረጋውያን ነው። ተረኛው በመጨረሻ በጨርቅ ጠርጎ ይውረድ።

ጀሪካኑ ናፍታ ወይም ላምባ የነበረበት ከሆነ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። የምግብ ዘይት የነበረበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል። በወር አንዴ አንድ እፍኝ ጠጠር፣ ጥቂት ሳሙናና ውሃ ጨምራችሁ ናጡት፤ ከሥሩ የሚይዘውን አረንጓዴ ነገር ጠጠሩ ይፍቀዋል። ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን በፌስታል አይደፈንም፤ ክዳኑን ፈልጋችሁ ግዙ።

ሁለት ወጣት በፈረቃ ከተመደበ በአንድ ሌሊት አንድ ሰው ስምንት ጊዜ ይመላለሳል፣ በአንድ እጅ አንድ፣ በሌላው አንድ ሳይሆን አንድ አንድ እየያዘ። ከባድ ነው። አራት ሁኑና አራት አራት ምልልስ ይድረሳችሁ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አሥር አሥር ከተያዘ ሁለት ሁለት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ካከበዳችሁት በሦስተኛው ሳምንት ሰው ይጠፋል።

ማለዳ

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። በየቀኑ ውለታ የሚውሉልን ግን ስማቸውን የማናውቃቸው አሉ፤ የሌሊት ጥበቃው፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ የምትጠርገው፣ ማዳበሪያ ተሸክመው ቆሻሻችንን የሚሰበስቡት ወጣቶች። ለእነሱ ምስጋና ማቅረብ የሚጀምረው ከቆሻሻው ራሱ ነው።

የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭ፣ የስኳር በሽተኛ መርፌ በማዳበሪያ ውስጥ ተቀላቅሎ ይጣላል። ሰብሳቢው ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያነሳ ጀርባውን ይወጋዋል፣ ሲለይም እጁን። ምላጭና መርፌ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ እየከተታችሁ ክዳኑን ዝጉ፤ ሲሞላ በእጁ ስጡትና ምን እንዳለበት ንገሩት። ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥ። የከሰል አመድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ይደር፤ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ፍም ሊኖር ይችላል፣ ማዳበሪያውን አቃጥሎ ሰውየውን ይለበልበዋል። የሕፃን ዳይፐር በፌስታል ተቋጥሮ ይግባ። ማዳበሪያው ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ እሰሩት፤ ጢም ካለ አፉ አይታሰርም፣ ደረጃው ላይ ይበተናል።

ለጥበቃው፦ ሻይ ማታ 3 ሰዓት ላይ በብርጭቆ መስጠት ደግ ነው፤ ብርዱ የሚበረታው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። አንድ ሊትር ፔርሙዝ፣ ስኳሩ ለብቻ፣ ሁለት ዳቦ በፎጣ ተጠቅልሎ ማታ ይሰጠው፤ ስምንት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፣ በፈለገበት ሰዓት ይጠጣል። ስኳሩ ለብቻ የሚሆነው ስኳር ሕመም እንዳለበት ስለማታውቁ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ካላችሁ በአሥራ ስድስት ቀን አንዴ ነው የሚደርሳችሁ። ፔርሙዙን ጠዋት ሄዳችሁ ውሰዱ፤ በየፎቁ እየዞረ እንዲመልስ አታድርጉት። ስሙን ጠይቁና በስሙ ጥሩት፤ "ዘበኛ" ተብሎ መጠራት የሰለቸው ሰው ነው።

እባካችሁ ፎቶ አታንሱ። ሻይ ሲቀበል የተነሳ ፎቶ በግሩፕ ላይ ሲዞር ልጆቹ ያዩታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ለምታነቡ ብቻ በአጭሩ። እዚህ ሰው በር ላይ ብቅ ብሎ ቡና አያፈላም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ አራሷም ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት። ወጡን አንድ አንድ ሊትር በሚይዝ የማይመለስ ዕቃ አድርጋችሁ፣ የተሠራበትን ቀንና "የጾም" ወይም "የፍስክ" የሚል በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት። በትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ መሐሉ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ይበላሻል። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስገቡት፤ ፍሪዘር ውስጥ ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። እንጀራውን አምስት አምስት አድርጋችሁ በመሐሉ የብራና ወረቀት እያስገባችሁ ፍሪዝ አድርጉ፤ ሲፈታ አይጣበቅም። ከመምጣታችሁ በፊት በጽሑፍ መልእክት ጠይቁ፣ በሩ ላይ አስቀምጣችሁ መሄድም ነውር አይደለም። ትልልቅ ልጆች ካሏት ከትምህርት ቤት መመለስ ከየትኛውም ወጥ ይበልጥ ያሳርፋታል።

ተከራይዋ

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። አንደኛዋ አረጋዊት እናት ምንም አልቀበልም ብለዋል። "እኔ ለማንም ያደረግሁት የለም፣ በምን እቀበላለሁ?" ነው ያሉት። ጀሪካኑንም መልሰውታል።

የእድር ጸሐፊ

እህቴ፣ እሳቸው ውሃ ጠልተው አይደለም፤ ተቀባይ ብቻ መሆን ከብዷቸው ነው። አትጫኗቸው፤ ሥራ ስጧቸው። እናንተ የማትችሉትን፣ እሳቸው ቁጭ ብለው የሚሠሩትን ፈልጉ። ለንፍሮው ስንዴና ሽንብራ ማበጠር፣ በርበሬ መቀንጠስ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እናቱ እስክትደርስ ለአንድ ሰዓት ማስቀመጥ። ሁለት ኪሎ ስንዴና አንድ ኪሎ ሽንብራ በሰፌድ ይዘሽ ሂጂና "እማማ፣ ለለቅሶ ቤቱ ነው፤ እኔ ጠጠሩን አልለየውም፣ ዓይንዎ ያያል" በያቸው። እውነትም ነው፤ ከእኛ ይልቅ የእሳቸው እጅ ጠጠሩን ያውቀዋል። ያበጠሩትን ልትወስጂ ስትመጪ ጀሪካኑን ይዘሽ ነይ፣ ስለ ውሃው ምንም ሳትናገሪ ጓዳ አስገቢው። በሚቀጥለው ሳምንትም ስንዴው አይቅር።